የአባቴ ወፍራም ዘይት

ባለፈው ሳምንት የፋጡማን ለቅሶ ልደርስ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ መጥቼ ከዚራ ጥግ ላይ ስወርድ፣ አንድ መካኒክ በዛፍ ጥላ ሥር ሞተር ብስክሌት አቁሞ ከሥሩ ያለውን ቡሎን ፈታና ጠቁሮ የወፈረው ዘይት ቀስ እያለ ወደ ጣሳው ወረደ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ለሌላው መንገደኛ አፍንጫ ይዞ ማለፍ ብቻ ነው፤ እኔ ግን እግሬ አልሄድ ብሎኝ ቆምኩ። ለፋጡማ ልነግራት የሚገባኝን አንድ ነገር ሃያ ሰባት ዓመት በሆዴ ይዤ ኖሬ፣ አሁን ላለቅስላት እየሄድኩ ነበር።

ያደግኩት እዚያው ከዚራ፣ የባቡር ሠራተኞች ከሚኖሩባቸው ግቢዎች በአንዱ ነው። አባቴ ዕድሜውን በባቡር ጋራዥ የማርሽ ጥርስ ዘይት ሲያጠጣ የኖረ ሰው ሲሆን፣ ሥራው እየሳሳ ሄዶ በጡረታ ሲያሰናብቱት ግቢያችን በር ላይ አንድ አሮጌ ጎማ ሰቀለና የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ። ከባቡሩ ቤት ሦስት ነገር ይዞ መጥቷል፤ መፍቻዎቹን በቁመታቸው መደርደር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን የያዘውን ጥሎ ለምሳ መነሣት፣ እና በወፍራም ዘይት ማመን። እሱና ጡረተኛ ጓደኞቹ ዘይትን በቁጥሩ አይገዙም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ጠብ ያደርጉና ጣቶቻቸውን ከፈት እያደረጉ፣ ክሩ እስከ የት ሳይበጠስ እንደሚሳብ ያያሉ፤ ማር ገበያ የወጡ ነው የሚመስሉት። በዚህ ጉዳይ ተጣልተው ለሁለት ሳምንት የተኳረፉ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። እናቴማ የእንጀራችን ጠርዝ ሁልጊዜ ዘይት ዘይት ይላል ብላ ለአባቴ የብቻውን ሳህን አውጥታለት ነበር። ለአባቴ የማንኛውም የማርሽ በሽታ መድኃኒት «ዘጠና» የሚሉት የከባድ መኪና ካምቢዮ ዘይት ነው። የድሬ ፀሐይ ቀጭኑን ዘይት ውሃ ታደርገዋለች ይል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ ለሰማ ሰው ደግሞ ነገሩ እውነት ይመስላል።

ኢድሪስ ጎረቤታችን ነበር። የእንስሳት ሐኪም ስለሆነ በሞተሩ ሐርላና ከዚያም ወዲያ ያሉ መንደሮች እየዞረ ፍየልና ግመል ይከትባል፤ ማታ ሲመለስ ልብሱ አቧራና ፍየል ፍየል ይሸታል፣ ሚስቱ ፋጡማም ገና በር ላይ ሳለ በጆግ ውሃ ትቀበለዋለች። አንድያ ልጃቸው ሀያት ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ነው የተወለደችው። ያን ሰሞን ሞተሩ ማመፅ ጀመረ። ሁለተኛ ማርሽ በአንድ ርግጫ አልገባ ይላል፤ ሲገባም ይተፋዋል፤ አንዳንዴም በሁለተኛና በሦስተኛ መሐል ሾፌሮች ፎሌ እንደሚሉት ከማርሽ ውጪ ባዶውን ይቀርና ሞተሩ ዝም ብሎ ይጮኻል። አባቴ ቀጭኑን ዘይት አፈሰሰና ዘጠና ሞላበት። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ወዲያው ጠፋ። ኢድሪስ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረበትና እየሳቀ ወረደ፤ ጡረተኞቹም አባቴን እንደ ሙሽራ አሞጋገሱት።

ወር ሳይሞላው ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ጨምቆ ይዞትም ሞተሩ ወደፊት ይስበዋል፤ ማርሹም ከበፊቱ ብሶ ይጣበቃል። አባቴ አገላብጦ አየውና ዘይቱ ገና አልወፈረም ብሎ ፈረደ፤ ከዘጠናውም የወፈረ ከአንድ ጓደኛው አስመጥቶ ቀየረለት።

እኔ የዚያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ስለነበርኩ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ የሳሙና ካርቶን እንኳ አላልፍም። ኢድሪስ ከወንበሩ ሥር የሚያስቀምጣትን የሞተሩን መመሪያ ደብተር ላንብባት ብዬ ተዋስኩት። የዚህ ሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ከሞተሩ ጋር አንድ ዘይት ነው የሚጠጡት፤ ከተባለው ቁጥር ውጪ፣ በተለይም የመኪና ካምቢዮ ዘይት፣ እንዳይጨመር ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምሳ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሳቀ።

«ልጄ፣ ይህን የጻፉት በረዶ አገር ተቀምጠው ነው፤ ድሬን የት ያውቋታል?»

ከሰዓት በኋላ ወሬው ጡረተኞቹ ጋ ደርሶ «መሐንዲሷ መጣች» እያሉ መቀለጃ አደረጉኝ። በማግስቱ ኢድሪስ ደብተሩን ሊወስድ ሲመጣ ሁሉም በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥሩ ነገር አገኘሽበት ወይ አለኝ። አባቴ ያየኛል። አባትን በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደግሞም እንደገና እንዳይስቁብኝ ፈራሁ።

«እንግሊዝኛው ከበደኝ» አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ክትባት ሊያመጣ ሐረር ወጣ። ሲመለስ የደንገጎን ቁልቁለት እየወረደ ሳለ፣ ከኋላው የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር እንደተናገረው፣ ሞተሩ ከማርሽ እንደወጣ በድንገት ተለቀቀና እንደ ድንጋይ ተንደረደረ፤ ፍሬኑን ቢይዝም አልቆመለትም፣ መታጠፊያው ላይ ገደል ገባ። የትራፊክ ፖሊሱ ወረቀት ላይ የሰፈረው በፍጥነት ሲያሽከረክር ሞተ የሚል ነው። ሰፈሩ ግራ ቢገባውም ከወረቀት ጋር ማን ይከራከራል።

ፋጡማ የባሏን አርባ እንዳወጣች የሞተሩን ስብርባሪ በጋሪ አስጭና መጣች፤ አባቴ ጠግኖት እንድትሸጠውና ልጅዋን እንድታሳድግበት። አባቴ ካምቢዮውን ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። የፍሪሲዮኑ ሸራ ተፈርፍሮ በዚያ ወፍራም ዘይት ውስጥ ተቦክቷል፤ ማርሹ ከሁለተኛም ከሦስተኛም ሳይሆን መሐል ላይ እንደተጣበቀ ነው። አባቴ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በቦታው አይደለም፣ መሬት ላይ። ፋጡማ ሀያትን እንዳዘለች በር ላይ ቆማ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ችግር ነበረበት እንዴ?»

እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ሞተሩ ደህና ነበር።»

«እንግዲያው ራሱ ነው የፈጠነው» አለችና ልጅዋን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ሄደች።

አባቴ ሞተሩን ያለ ክፍያ ጠግኖ ሰጣት፣ ጎማውን ከበር አወረደ፤ ከዚያ ወዲያ የማንንም ሞተር አልነካም። ስለዚህ ነገር እኔና እሱ አንድም ቀን አላወራንም። እሱ እያለ ክብሩን ብዬ ዝም አልኩ፤ ሲሞት ደግሞ የሙት ስም በክፉ አይነሣም ብዬ ዝም አልኩ፤ ሰው ለዝምታው ምክንያት አያጣም። ፋጡማ ቀፊራ ገበያ ልብስ እየቸረቸረች ሀያትን አሳደገች። ባሏን ግን ይቅር አላለችውም። ልጅቷ ደረጃ ስትዘልም፣ ሻይ ሳይበርድላት ስትጠጣም፣ «እንደ አባትሽ ችኩል» ነበር የምትላት። አባቴ «ያ ደጉ መካኒክ» እየተባለ ተቀበረ፤ ኢድሪስ «ያ ፈጣኑ» ተብሎ ቀረ። የእሱን ደህና ስም ወስደን ለራሳችን አደረግነው፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ለቅሶው ቤት ሴቶቹ መካከል ትንሽ ከተቀመጥኩ በኋላ ሀያትን ወደ ጓሮ ጠራኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ዘይቱን፣ ደብተሩን፣ እንግሊዝኛው ከበደኝ ያልኩትን፣ አባቴ ሞተሩ ደህና ነበር ያለውን። ክንዷን አጣምራ ግድግዳ ተደግፋ ሰማችኝ። ፊቷ አልተለወጠም።

«እማዬ ይህን ሳትሰማ ሞተች» አለች።

አዎ አልኳት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«እሱን ተይው። ታዲያ እንዴት ነበር የሚነዳው?»

ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብዬ ነገርኳት። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ የሰፈሩ ልጆች ጥግ ላይ እንጠብቀው እንደነበር፣ መንገድ ላይ ፍየል ካየ ሞተሩን አጥፍቶ እስክታልፍ እንደሚቆም፣ እሱ በሞተር እኛ በእግራችን ተሽቀዳድመን ቤቱ በር ድረስ ሁልጊዜ እንቀድመው እንደነበር።

ይሄኔ አለቀሰች።