ራሰ በራው ወይስ ሳቂታው

ሥራ በጀመርኩ ቀን የጻፍኩትን የመጀመሪያ ሰሌዳ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ቦታው አቃቂ በሰቃ፣ የጋሽ ሸምሱ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ነው። የፊልሙን ርዕስ በትልልቁ አሳምሬ፣ የተዋናዩን ስም ከሥር በትንንሹ ጽፌ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ እያደነቅኩ ቆምኩ። ጋሽ ሸምሱ ከጎን ካለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቃቸው ወጥተው አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «አሁን ደምስሺው።»

«ምን ጎደለው ጋሼ?»

«ርዕስ ማን ያውቃል? ሰው የሚመጣው ለሰው ነው። ‹ራሰ በራው› ብለሽ ሰሌዳውን ሙዪው። ርዕሱን ቦታ ከተረፈሽ ትጽፊዋለሽ።»

ራሰ በራው የውጭ አገር ተደባዳቢ ነው። እውነተኛ ስም አለው፤ ግን እሱን ብጽፍ ሰፈሩ ውስጥ «ይሄ ደግሞ ማነው?» የማይል አይገኝም።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፣ ዛሬ አሥራ አንደኛ ነኝ። ለትዝታ ዕድሜሽ አልደረሰም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በጋም ክረምትም አንድ በር ላይ ቁሙና ከዚያ እንነጋገር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ትኬት ቆራጯ እትዬ ብርቄ ናቸው። ሰሌዳው መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ጠመኔው ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ ይነከራል፤ እንደዚያ ሲሆን ይደምቃል፣ ትከሻ ሲነካውም ቶሎ አይለቅም። ማዕረጋችንም ግልጽ ነበር። ከጋሽ ሸምሱ በታች እትዬ ብርቄ፣ ከእሳቸው በታች እኔ፣ ከእኔ በታች ድመቷ።

ሁለቱ አለቆቼ በአንድ ነገር ብቻ ተስማምተው አያውቁም። የትኛው ተዋናይ ነው ሁሌም ሰው የሚያመጣው? ጋሽ ሸምሱ ራሰ በራው ይላሉ። እትዬ ብርቄ የአገራችን ቀልደኛ፣ እኛ ሳቂታው የምንለው ነው ይላሉ።

«አይ ጋሽ ሸምሱ! በራሱ ላይ ፀጉር ማብቀል ያቃተው ሰው ነው አዳራሽ የሚሞላው? መጋቢት ላይ ለሳቂታው ሰው ቆሞ አይቶ የለ እንዴ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሐምሌ ላይ ሳቂታውን ማን እንዳየው ልንገርሽ? ወንበር! ወንበር ብቻ ነው ያየው!»

«አይዋሹ እባክዎ፣ ትልቅ ሰው ነዎት።»

እኔ ደግሞ ነገሩ ከነከነኝ። ሁለቱም አይዋሹም፣ ግን ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ሰልፉን መጠየቅ ጀመርኩ። አንዱን የባጃጅ ሹፌር «ለማን ብለህ መጣህ?» ስለው፣ «ለጎማዬ። እስኪለጠፍ የት ልቀመጥ?» አለኝ። አንዷን ስጠይቃት አብሯት ያለውን ልጅ በአገጯ እያሳየች «እሱ ነው ያመጣኝ» አለች። ልጁን ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ፣ እሷ ናት የመረጠችው» አለ። ጥናቴ እዚያ ላይ ተበላሸ።

ነሐሴ ላይ ቤቱ ጭር አለ። አንድ ከሰዓት ጋሽ ሸምሱ ባዶውን አዳራሽ በዓይናቸው እየለኩ «በእንቁጣጣሽ ካልሞላ የሲሚንቶ መጋዘን አደርገዋለሁ» አሉ። «ሲሚንቶ ፊልም አይመርጥም።»

ደነገጥኩ። መጋዘን በር ላይ ማን ሰሌዳ ይጽፋል? ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ጽሑፌን ሲያነብ የማየውን ደስታ ከየት አመጣለሁ? እንቁጣጣሽ አንድ ፊልም ብቻ ነው የምናሳየው፤ ስለዚህ ክርክሩ ያኔ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ሳቂታው እየታየ ዝናቡ ወረደ። በፊልሙ መሃል ሰው እየተነሣ መውጣት ጀመረ። አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነጠላዋን ስታስተካክል በር ላይ ያዝኳት።

«ሳቂታው አስጠላሽ እንዴ?»

«ምን ብሎኝ ያስጠላኛል? አንዲት ቃል ሰማሁ? ጣሪያችሁ ነው እንጂ እሱ መቼ ተናገረ!»

ቀና ብዬ አየሁ። ኮርኒስ የሌለው እርቃን ቆርቆሮ። ዝናቡ እንደ ከበሮ ይመታዋል፤ ሳቂታው ከሥሩ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ራሰ በራው ግን ክረምትም ቢሆን ምን ቸገረው? ቡጢ በዓይን ይታያል።

ሮጬ ሄጄ ጋሽ ሸምሱን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ በበጋ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ያውቃሉ?»

«በበጋ አገሩ ሁሉ ቤት ሲሠራ? ከሱቄ ራሴን ቀና አላደርግም። እዚህ የምቀመጠው ክረምት፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ነው።»

እትዬ ብርቄ ደግሞ ክረምት ክረምት ትኬቱን ለጋሽ ሸምሱ ትተው ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ በቆሎ ይጠብሳሉ። ማታ ሲመለሱ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ጋሽ ሸምሱ ያዩት ክረምቱን ብቻ፣ እትዬ ብርቄ በጋውን ብቻ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ወደ አዳራሹ ገቡ። ከዚያ ጣሪያውን እያዩ «እንግዲያ እስከ ዛሬ የተጨቃጨቅነው በቆርቆሮ ነው?» አሉ።

«እኔስ በሳቂታው ነው» አሉ እትዬ ብርቄ።

በማግስቱ ኮርኒስ መሥራት ጀመርን። ባዶ ማዳበሪያ ከሱቁ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ከበሰቃ ልብስ ሰፊዎች። ማዳበሪያውን በእንጨት ወጥረን መታነው፣ ጨርቁን ከላዩ ጎሰጎስነው። ጋሽ ሸምሱ መሰላል ላይ ሆነው «በእንቁጣጣሽ የማንን ስም ትጽፊያለሽ?» አሉኝ።

«የሳቂታውን።»

«ዘንቦ ካልተሰማ አንቺን ከሲሚንቶው ጋር ነው የምቆልልሽ።»

የእንቁጣጣሽ ዕለት ሳቂታውን በሰሌዳው ሙሉ ጻፍኩት፤ በአራቱም ጥግ አደይ አበባ ሣልኩበት። ሆኖም ፊልሙ ሲጀመር አዳራሹ ግማሹም አልሞላም። ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም።

ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ መጣ። ሁሉም ሰው ቀና አለ። ከላይ የሚሰማው ጎረቤት ቤት ጤፍ የሚነፋ ያህል ብቻ ነበር። ሳቂታው አንድ ነገር ተናገረ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ውጭ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ከዝናብ ሸሽቶ በራችን ጥግ ተጠግቷል። ሳቁን ሰማ። አንዱ አንገቱን አስገብቶ «ምን ብሎ ነው?» አለ። ለበዓሉ በቆሎውን ትተው የመጡት እትዬ ብርቄ «ገብተህ ስማዋ!» ብለው ትኬት ቆረጡለት። ከኋላው ሌላው፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ። ኋላ ላይ ወንበር አልቆ ሰው በጥቅል ሽቦና በቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ፤ ያቀበሉት ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው ናቸው።

በማግስቱ በጠዋት ጠሩኝ። ስለ መጋዘን አንድም ነገር አላነሡም።

«በይ ራሰ በራውን ጻፊ» አሉ። «እሱም በኮርኒስ ይሞከር።»

«ኧረ ይተዉ!» አሉ እትዬ ብርቄ ከበሩ ላይ፣ ክርክሩም እንደ አዲስ ተጀመረ።

እስከ ዛሬ አላለቀም። ሰሌዳ ጽፌ፣ ሰልፍ ጠይቄ፣ የትኛው ተዋናይ ሁሌም ሰው እንደሚያመጣ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው፣ ማን ሰው ያመጣል ብሎ ከመከራከር በፊት የመጣው ሰው መስማቱን ማየት እንደሚያስፈልግ ነው።