ሃምሳው ለአገር ቤት ነው

ልጄ ናይሮቢ ውስጥ፣ ላቪንግተን በሚሉት የባለጸጎች ሰፈር ባለው ቤቷ ያስቀመጠችው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በእግር ሲረግጡት ይከፈታል። በሄድኩ በማግስቱ ረገጥኩት። ግማሽ ዳቦ፣ ያልተላጠ ሙዝና ትናንት ማታ የተረፈ ሩዝ ነበረበት። ዳቦውን አወጣሁት። የቤት ሠራተኛዋ ኬንያዊት ናት፤ አይታኝ ሳቅ አለች።

«ተይው ሾሾ፣ ማዳም ትቆጣለች» አለችኝ በስዋሂሊ። ሾሾ አያት ማለት ነው።

ዳቦው ደረቅ ነበር እንጂ ሻጋታ አልነካውም። መልሼ አልጣልኩትም። ቆርሼ በሻይ በላሁት፤ ቆሜ፣ እንደ ሌባ።

የሄድኩት ለአንድ ሳምንት ነበር። ኢስትሊ ያለችኝን አንድ ክፍል ለቅቄ ከእሷ ጋር እንድኖር ልጄ ከለመነችኝ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር አከራዬ ክፍሏን የሚፈልግ ሌላ ሰው አገኘ። እስከ ቅዳሜ ወይ እቆያለሁ ወይ እለቃለሁ በይ ብሎ በሕንፃው ጠባቂ በኬርቴከሩ በኩል ላከብኝ። ልጄ ይህን ስትሰማ «ሳምንቱን እኔ ጋ ሁኚና ሞክሪው፤ ቅዳሜ ዕቃሽን እናወጣለን» አለች። እሺ አልኩ። ክፍሌ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ጉልበቴ ደረጃውን ጠልቶታል። እውነቱን ለመናገር ለመልቀቅ ልቤ አዘንብሎ ነበር።

ሳምንቱ ከባድ ሆነብኝ። ሰው የሌለበት ክፍል መብራት ሲበራ አጠፋለሁ፤ ልጄ ከኋላዬ እየተከተለች ታበራዋለች። ገላ መታጠቢያው ውኃ እስኪሞቅ ድረስ ቀዝቃዛው ዝም ብሎ ይፈሳል። ባልዲ ደቀንኩበት። «እማ፣ ባልዲው ምን ይሠራል እዚህ?» አለችና አወጣችው። እኔ የምኖርበት ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ምስር የታጠበበት ውኃ ወለል ያጥባል፤ ወለል ያጠበው ሽንት ቤት ይወርዳል። ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፌ አድራለሁ እንጂ ጋዝ አላቃጥልበትም፤ ጂኮ በሚሉት የከሰል ምድጃ እቀቅለውና በተረፈው ፍም የመታጠቢያዬን ውኃ አሞቃለሁ። ቲማቲም የምገዛው አመሻሽ ላይ፣ ሻጮቹ ሸራቸውን ሊጠቀልሉ ሲሉ ነው። ዘይት በብርጭቆ እየተለካ ከሚሸጥበት ኪዮስክ አልገዛም። በብርጭቆ የሚገዛ ድሃ በጀሪካን ከሚገዛው ሀብታም የበለጠ እንደሚከፍል የገባኝ ቀን የያዘኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እኛ ሦስት ጎረቤታሞች ተዋጥተን ትልቁን ጀሪካን እንገዛና እንካፈላለን። ይህ ንፉግነት አይደለም። እንግዳ ከቤቴ ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለልጄ አልነገርኳትም። በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው ያደገችው፤ ታውቀዋለች ብዬ ነበር።

በዚያው ሳምንት የባሏ እናት ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ጨዋታ የሚያውቁ፣ ድምፃቸው ቤት የሚሞላ ሴት ናቸው። ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ረቡዕ ዕለት ለምሳ ተቀመጥን። ልጄ ራሷ ነበረች የሠራችው፤ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ አቀረበች።

አማቷ ገበታውን ዞር ዞር አድርገው አዩት። «ምነው ልጄ፣ ቤቱ ውስጥ ሐኪም ሥጋ የከለከለው ሰው አለ እንዴ?»

«ረቡዕ ነው እኮ እማማ።»

«ረቡዕስ ቢሆን፤ ሃምሳው መች አለቀና?»

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን የማያውቅ ኦርቶዶክስ የለም። ልጄ ግን ፈገግ ብላ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው እንዲህ አለች፦

«እሱማ ለአገር ቤት ነው። ውጭ አገር ሃምሳ የለም።»

ሴትየዋ የቆረሱትን እንጀራ ሳህናቸው ላይ መለሱት። «የለም? ማን ወሰደው?»

«በሰው አገር ያለ ሰው ሃምሳ የለውም። አገሩ እስኪገባ ድረስ ይጾማል።»

«እንግዲያው የእኔን ኤርፖርት ላይ ቀምተውኛል። እኔ ደግሞ ሻንጣዬን ሲበረብሩ በርበሬዬን ነው የሚያዩት ብዬ ዝም አልኩ።»

የልጄ ባል እንባው እስኪወጣ ሳቀ። «እኔ እኮ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ ሥጋ የማጣው ልትቆጥብ ፈልጋ መስሎኝ ነበር» አለ።

ልጄ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ናት። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በሥሯ ሰው ታስተዳድራለች፤ መኪና ትነዳለች። ፊቷ ግን ያኔ ልጅ ሆና ጉልበቴ ሥር ቁጭ ብላ ስትጠይቀኝ የነበረውን ይመስል ነበር። መዋሸት እችል ነበር፤ ለምን እንዳልዋሸሁ አላውቅም እንጂ።

«እኔ ነኝ ያልኳት» አልኩ።

«ምን ብለው ነው እህቴ?» አሉ አማቷ።

«አስቤዛ አልነበረም።»

ሌላ አልጨመርኩም። ሴትየዋ ግን ወዲያው ገባቸው፤ ብልህ ናቸው። «አይ እርስዎ! እኛ አስቤዛ ሲያልቅብን ጎረቤት እንልካለን፤ እርስዎ ቀኖና ያወጣሉ» አሉ። ለክፋት አይመስለኝም። የልጄ ባል ጠረጴዛውን መታ። በመጨረሻ ልጄም ሳቀች። የእሳቸውን ጨዋታ በማግስቱ እረሳው ነበር። የእሷን ሳቅ ግን አልረሳሁትም።

አንባቢ ይፍረደኝ። ባሌ ሲሞት ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አገሬ ላይ ጸሐፊ የነበርኩ ሰው እዚህ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር፣ አንድ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ማታ የመልሱን ለመቆጠብ እስከ ኢስትሊ በእግሬ እመለሳለሁ። በዐቢይ ጾም ምግብ ቤቱ ገበያ ስለሚቀንስ ደሞዛችንን ይቀንሱታል። ፋሲካ አልፎ ሥራው ሲመለስ ደሞዙ ቶሎ አይመለስም። ያን ጊዜ ነበር ሃምሳው የሚመጣው፤ ሁሉም የሚበላበት፣ ልጅ ደግሞ በየቀኑ ወተትና እንቁላል የሚጠብቅበት።

አንድ ረቡዕ ሱኩማ የሚሉትን የዚህን አገር ጎመን ኡጋሊ ከሚሉት የበቆሎ ገንፎ ጋር ሰጠኋት። «ታች ያለችው ልጅ ዛሬ እንቁላል በላች። ሃምሳ ነው አለችኝ» አለችኝ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ቀና ሳልል «ሃምሳው ለአገር ቤት ነው፤ በሰው አገር ያለ ሰው ሃምሳ የለውም» አልኳት። «እነሱስ?» ስትለኝ «እነሱ ረስተውት ነው» አልኩ። «እስከ መቼ?» አለች። «እስክንገባ።» አመነችኝ። በሚቀጥለው ዓመት አስተካክለዋለሁ አልኩ። የሚቀጥለው ዓመትም ያው ሆነ። ከዚያ የቤታችን ሥርዓት ሆኖ ቀረ። እኔም ከእሷ ጋር ጾምኩት፤ አግብታ ከወጣች በኋላም ብቻዬን ጾምኩት። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ስለነበር የሚያርማት አልተገኘም። ለነፍስ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ያሉኝን እዚህ አልጽፍም።

ፎቃችን ላይ ደግ ኬንያዊት ጎረቤት ነበረችን። ልጄን በር ላይ ስታገኛት ወተት ያለበት ሻይ ታቀርብላታለች። ልጄ «ጾም ነኝ» ትላታለች፤ ደረቷን ነፍታ። ጎረቤቴም «ይህች ልጅ እንዴት ያለች መንፈሳዊ ናት!» ትለኝ ነበር። ምስኪን ያላት ሰው የለም። የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ አገኘሁትም።

ሐሙስ ጠዋት ልጄ ሳሎን ሆና ስልክ ታወራ ነበር፤ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እየቀላቀለች። እኔ ኩሽና ነበርኩ። «ኢማጂን፣ እናቴ የራሷን ጾም ፈጠረች» አለች። ወዲያ ማዶ ያለችው ሳቀች መሰለኝ፤ ልጄም ደግማ ሳቀች። ከዚያ ለሌላ ሰው ደወለችና ከመጀመሪያው ጀመረች። በሁለተኛው ላይ የኤርፖርቱን ጨዋታ የራሷ አድርጋ ጨመረችበት። የማጥበውን ብርጭቆ አስቀምጬ ክፍሌ ገባሁ።

ዓርብ ከሰዓት «ወደ ቤት ውሰጂኝ፤ ለነገ ዕቃዬን ልሰብስብ» አልኳት። በመኪናዋ ወሰደችኝ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ ብዙ ቆምን። መሪውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

«ተቀየምሽ?»

«ለስንት ሰው ነገርሽ?»

«ጨዋታ ነው እማ። ሁሉም ወደውሻል። ጀግና ናት ነው የሚሉሽ።»

«ጀግና አድርጊኝ አላልኩሽም።»

ከፊታችን ያለው ማታቱ ጥቂት ፈቀቅ አለ፤ እኛም ፈቀቅ አልን።

«እኔስ?» አለች። ድምፅዋ ተቀየረ። «ክፍል ውስጥ የልደት ኬክ ሲታደል ጾም ነኝ ብዬ መለስኩ። አንድ ጊዜ አይደለም። ሚስ ለክፍሉ ሁሉ ከእሷ ተማሩ አለች። ሰባት ዓመቴ ነበር። ኬኩ ሮዝ ነበር፣ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ለምን እውነቱን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ኬኩን ትበዪ ነበር?»

«እበላ ነበራ!»

«ቤት መጥተሽስ? በማግስቱስ?»

ማርሽ አስገብታ ጥቂት ነዳች።

«ያኔ አፍረሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

አሰበች። ሐቀኛ ልጅ ናት፤ ይህን አልነፍጋትም። «የለም። ያኔ አላፈርኩም። ረቡዕ ነው ያፈርኩት፤ አማቴ ፊት።»

«እንግዲያው ሥራዬን ሠርቻለሁ» አልኩ።

«እንደሱ አይደለም እማ። ሕይወቴን ሙሉ እንዳታለልሽኝ...»

«አዎ፣ አታልያለሁ።»

ይቅርታ እንድላት ጠብቃ ነበር። ኬኩን ብቻ አንስታ ቢሆን እላት ነበር ይሆናል። ስልኩ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ያንን ጾም የጾምነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ለሌላ ሰው ማሳቂያ አድርጋ ስታወጣው አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። አሁን ከእሷ ጋር ብገባ ያቺ ሴትዮ እሆናለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እማ፣ እስቲ የሃምሳውን ንገሪያቸው» የምትባል። በዚያ ላይ የማልወደው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣች። የመኪናዋን የኋላ ወንበር አጥፋ ቦታ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። በሩን ስከፍት ጂኮው በቦታው ነው፤ ብርድ ልብሶቹ አልጋው ላይ ናቸው፤ ጀሪካኖቹ ሞልተው ተደርድረዋል።

«ምንም አልነካሽም» አለች።

«አልነካሁም።»

«በረቡዕ ጨዋታ ነው? እማ፣ ጉልበትሽስ? አንድ ቀን ደረጃው ላይ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«ጎረቤት አለኝ።»

«ቤቴ ምን ጎደለው?»

«ቤትሽ ምንም አልጎደለውም» አልኩ። «ችግሩ ይኸው ነው። እኔ የኖርኩትን ኑሮ እዚያ ማውራት እንጂ መኖር አይቻልም። አወራሽው ደግሞ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች አልልም፤ ዓይኗን ጠረግ አደረገች። ላባብላት እጄ አልተነሳም። ውስጤ ገና ይነድ ነበር፤ በንዴት የነካሁት ነገር ሲሰበር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ኬርቴከሩ በሩን አንኳኳ። ገና ልጅ እግር ሰው ነው፤ ቁልፎቹን ወገቡ ላይ ያንጠለጥላል። መኪናዋን ቆማ አይቶ ዕቃ ለማውረድ የሚረዱትን ሁለት ሰዎች አስከትሎ ነበር።

«ማማ፣ እናውርድ?» አለኝ።

«የለም። ለአከራዩ እቆያለሁ ብላለች በለው።»

ልጄን አየ፤ እኔን አየ። «ሳዋ፣ እሺ ማማ» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወረደ።

ልጄ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። «ረቡዕ እደውልልሻለሁ» አለች። እሺ አልኩ። በኛ ዘንድ እንግዳ እስከ ታች ይሸኛል፤ የወለድኳትን ልጅ ይቅርና ቆጣሪ አንባቢውን እንኳ እሸኛለሁ። ያን ቀን ከበሩ አላለፍኩም። የሁለተኛው ፎቅ አምፖል ከተቃጠለ ሁለት ወር ሆኖታል፤ አከራዩ ለአንድ አምፖል የሚሳሳ ሰው ነው። ኮቴዋ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ስልኳን አውጥታ እስክታበራ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች።