የማይከራከር ገዢ

በጅግጅጋ ኮምፒውተርንና ንግድን ያጋባሁ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩትም፣ ሚዜ ሆኜ የቆምኩትም እኔው። ባለፈው ሳምንት ስለ ኤሌክትሮኒክ ግዥ ልምድህን አካፍል ተብዬ በተጋበዝኩበት የሥልጠና አዳራሽ ደረቴን ነፍቼ ይህንኑ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ቀጥዬ ፕሮጀክተሩን ባበራው፣ ባጠፋው፣ ብመታው እምቢ አለኝ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ብድግ ብላ ገመዱን ሰካችልኝ። «ጋሼ፣ አልተሰካም ነበር እኮ።»

እነሱ ሲስቁ እኔ ያን የድርቅ ዓመት አስታወስኩ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ሚስቴ ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ግን ሆዴ ገና ቀበቶዬን ያከብር ነበር፣ ፀጉሬም ግንባሬን ጥሎ አልሸሸም። የምሠራው በአንድ የእርዳታ ድርጅት የጅግጅጋ ቢሮ፣ ግዥ ክፍል ውስጥ ነው። ዝናቡ ቀርቶ አቧራው ራሱ ተጠምቶ ነበር፤ አፉን የከፈተ ሰው ምራቁን ይቀማል። ደምበል ወረዳ የተመደበው ባልደረባችን ሙክታር በየማለዳው ይደውላል። ሰላምታው «ድርቆሹስ?» የምትል ብቻ ነበረች። የአርብቶ አደሩ ላሞች ከተኙበት መነሳት አቅቷቸው፣ ሰው በቀንድና በጅራት ይዞ ነበር የሚያቆማቸው።

በወረቀት በምንገዛበት ዘመን ፖስታ ይታሸጋል፣ ማኅተም ይጠፋል፣ ፈራሚው መስክ ይወጣል፤ ድርቆሹ ሲደርስ ሣር በቅሎ ይቀበለዋል። አሁን ግን ሲስተም መጥቶልናል። ነጋዴው ዋጋውን በስልኩ ያስገባል፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ማንም አያየውም፣ ከዚያ ዝቅ ያለው ያሸንፋል። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ ምላሴ እስኪደርቅ አስረድቼ፣ የከተማውን መኖ ነጋዴ ሁሉ መዘገብኩ።

ጨረታው ሲከፈት ኃላፊያችን ሰናይት አጠገቤ ቆማ ነበር። ዋጋዎቹ ብቅ ሲሉ ድርቆሽ ሳይሆን ሐር የምንገዛ መሰለኝ። ከበጀታችን ጋር የተቀራረበ አንድም የለም። ጨረታው ተሰረዘ።

ተናድጄ ከቢሮው ሥር ወዳለው ሻይ ቤት ወረድኩ። ተጫራቾቼ በሙሉ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው የግመል ወተት ሻይ ይጠጣሉ። ጢማቸውን ሂና የተቀቡት ሐጂ ኑር፣ የመኖ ነጋዴዎቹ ታላቅ፣ ገና ሲያዩኝ «ዋላል፣ ምነው ዘገያችሁ? ስልክ እየጠበቅን ነው» አሉኝ። ዋላል በሶማልኛ ወንድሜ ማለት ነው፤ የሚጠሩኝ በዚሁ ነበር።

«የምን ስልክ?»

«የክርክር ነዋ! እኛ ዋጋ ጠራን። እናንተ ‹ኧረ ሐጂ፣ ይተዉ› ትላላችሁ፣ እኛ እንምላለን፣ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እኛ እንጠራችኋለን።»

«ሐጂ፣ ሲስተሙ አይከራከርም።»

«የማይከራከር ገዢ?» አሉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ታሟል እንዴ?»

ሰናይት አንድ ዕድል ሰጠችኝ፤ ጨረታው እንደገና ይወጣል፣ ይህም ካልሆነ ወደ ወረቀት እንመለሳለን። ወረቀት ለሙክታር ላሞች ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ሐጂን ፍለጋ ቀብሪበያ ሄድኩ። ከብት ገበያው መሐል አገኘኋቸው። ከአንድ ፍየል ገዢ ጋር እጃቸውን በሻል ሸፍነው፣ ጣት በጣት እየጨበጡ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ምንም አያይም። ገዢው ሳይስማማ እጁን ስቦ ሄደ። እኔ ግን ወርቅ እንዳገኘ ሰው ጮህኩ።

«ሐጂ! ሲስተሙ ይኼው ሻል ነው! ውስጡን ማንም አያይም። ልዩነቱ፣ በሲስተሙ የሚጨበጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ዋጋ!»

ሰው ተሰበሰበ። ላሳያቸው ብዬ እጄን ከሻሉ ሥር ሰድጄ የሐጂን ጣቶች ጥርቅም አድርጌ ጨበጥኩ።

«የመጨረሻ ነው?» አሉኝ፣ ዓይናቸው እየሳቀ።

«የመጨረሻ!»

«መብሩክ! ፍየሏ ያንተ ናት!» ብለው ገመዷን አስያዙኝ። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ነጋዴዎቹ ግን የሲስተሙን ነገር ያን ቀን ገባቸው፤ እየተቀባበሉም ጅግጅጋ ድረስ አወሩት።

ጨረታው ዳግም ሲከፈት ዋጋው ከገበያውም ወርዶ አገኘነው። ሰናይት ማያውን ሁለቴ አየችና ወንበሬን ይዛ አሽከረከረችኝ። ሐጂ በትንሽ ልዩነት አሸነፉ፤ ከስረው እንደሆነ ማሉ፣ እሱ ልማድ ነው። መኪኖቹ ደምበል የገቡ ለት ሙክታር ደወለ። ስልኩን ወደ ላሞቹ አስጠጋው። ድርቆሽ ሲቆረጠም ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሙዚቃ አልሰማሁም። ቢሮአችንም ዝነኛ ሆነ፤ ከየድርጅቱ ሊማሩ መጡ፣ ከጨረቃ ያልመጡት ቪዛ አጥተው ብቻ ነው።

ያቺ ገመድ የሰካችልኝ ልጅ መጨረሻ ላይ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ሲስተሙን ለምን እንዲህ ወደዱት?» ስለ ግልጽነትና ስለ ውጤታማነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላት። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም።

እኔ ዋጋ መከራከር አልችልም። የግዥ ሠራተኛ ሆኜ ያረጀሁት ሰውዬ፣ የጠሩልኝን ነው የምከፍለው። ያቺን ፍየል በሁለት ፍየል ዋጋ ነው የወሰድኳት። ለዚያ ሥልጠና ስመጣም ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁ፤ ሹፌሬ ከዚያችው ሴት፣ ያንኑ ያህል፣ በግማሽ ዋጋ ገዝቶ እስከ ጅግጅጋ እያየኝ ቆረጠመ።