የፊቤ ሰላምታ

በለጥሽ ከሆሳዕና መጥታ፣ ጀርሚስተን ከተማ አጠገብ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ከባሏ ከዱካሞ ጋር ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ የከፈተች ሴት ናት። ሱቁ ዙሪያውን በብረት ፍርግርግ ታጥሯል፤ ደንበኛ የሚስተናገደው ክንድ በምታሳልፍ አንዲት መስኮት ነው። ልጇ ፊቤ አፏን የፈታችው እዚያች መስኮት ሥር፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነው። ደንበኛው «ሳዉቦና» ብሎ ሰላም ሲላት «ዬቦ» ብላ ትመልሳለች። ከረሜላ በሁለት ጣቶቿ ቆንጥራ ታቀብላለች።

የሰፈሩ አሮጊት ጎጎ ኖምቩላ በዚህ ትስቅ ነበር።

«ሱቁን ለእሷ ልቀቂላት» ትላታለች በለጥሽን። «ያንቺን ፊት ሳይማ ዳቦው የሻገተ ይመስለኛል።»

ከዚያ የኮቪድ ሎክዳውን መጣ። ሱቁ ተዘጋ፤ መስኮቷም ላሜራ ተጋደመባት። ሦስቱም ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተከተቱ። የፊቤ ቃላት የጠፉት እዚያ ነው። መጀመሪያ «ዬቦ» ቀረ፤ ቀጥሎ «እማ»። እነዚያ ከረሜላ የሚቆነጥሩ ጣቶች ምንም መያዝ ተሳናቸው። ልብስ እንደሚጨምቅ ሰው ሁለት እጆቿን ቀኑን ሙሉ ታፋትግ ጀመር።

«ዘጋሁባት» አለች በለጥሽ። «ቃል የለመደችው ከሰው ነበር። ሰው ሲርቃት ቃሉም ቀረ።»

«ሱቁን የዘጋሽው አንቺ ነሽ ወይስ መንግሥት?» አላት ዱካሞ።

«በሩን ገርበብ ማድረግ እችል ነበር። በሰፈሩ የሚዞሩትን ወታደሮች ፈራሁ።»

ሱቁ እንደገና ሲከፈት መድኃኒቱን ያገኘች መሰላት። ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «መጀመሪያ ለፊቤ ሰላም በልልኝ» ትላለች። «ማስክህን ዝቅ አድርገው፣ አፍህን ትየው።» ሰፈሩም ለመደው። ሰላም ያላለ ዳቦ እንደማያገኝ ሕፃናት ሳይቀሩ አወቁ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ በለጥሽ ዳቦውን እንደያዘች የልጇን ከንፈር እያየች ትጠብቃለች። ደንበኛውም አብሯት ይጠብቃል።

ዓመት አለፈ፤ ከፊቤ አፍ ግን ምንም አልወጣም። በመጨረሻ ሆስፒታል ወስደዋት ደሟ ተመረመረ። ውጤቱ የደረሰ ዕለት ዱካሞ ሱቅ ሲጠብቅ፣ ለማስተርጎም ፀገነት የምትባል የቸርቻቸው ልጅ ከበለጥሽ ጋር ሄደች።

«ሰው አዲስ ነገር ሲማር» አለች ፀገነት ሐኪሟን እየሰማች፣ «የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩበት መገናኛ ይጠነክራል። ለዚያ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ሁሉም በልኩና በጊዜው። ያንን ልክ ከሚቆጣጠሩት አንዱ ራሱ ፕሮቲን ነው። ፊቤ ላይ እሱ በትክክል አይሠራም። ስለዚህ ከሌሎቹ አንዳንዱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ያንሳል።»

በለጥሽ ገባት። ዱካሞ በኮቪድ ተኝቶ ሳለ ጀፕ ከሚባለው የጅምላ ገበያ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ጠፍቶ ነበር። ያኔ መደርደሪያው ጨው በጨው ሆኖ፣ ሱቁ ሞልቶ ሳለ ዳቦ አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ሳትወለድ በፊት። እንዲህ ያሉ ልጆች መጀመሪያ ደህና ያድጋሉ፤ ቃላቸውና የእጃቸው ሥራ የሚጠፋው ፊቤ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ነው። ከሎክዳውኑ ጋር ተገጣጠመ እንጂ፣ እህት በለጥሽ፣ አንቺ ያደረግሽው አይደለም። ሐኪሟ ደጋግመሽ ንገሪያት እያለችኝ ነው።»

ፀገነት ይህን ስትናገር ፊቷ በርቶ ነበር፤ የምሥራች ያመጣች መስሏት። በለጥሽ ግን አንገቷን ደፋች።

«እኔ ዘግቼባት ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «እከፍትላት ነበር።»

ፀገነት ይህን ለሐኪሟ አልተረጎመችላትም።

በማግስቱ ጎጎ ኖምቩላ መጣች። ማስኳን ዝቅ አድርጋ ወደ ፍርግርጉ ጎንበስ አለች።

«ሳዉቦና፣ ፊቤ።»

ፊቤ እጆቿን እያፋተገች ዓይኗን አሮጊቷ ላይ ተከለች። ጎጎ እንደ ልማዷ ጠበቀች። በለጥሽ ግን አልጠበቀችም፤ ዳቦውን በመስኮቷ አሳለፈችላት።

«ዛሬ ምነው ቸኮልሽ?» አለች ጎጎ።

ጎጎ ዳቦውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ እዚያው ቆመች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ።

«ቆይ አንተ» አለችው፣ ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል። «እያየችኝ ነው።»

በለጥሽ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፤ የተደረደረውንም ዕቃ እንደገና መደርደር ጀመረች።