የውድነሽ ጀልባና የእማዬ አግዳሚ

የወንድሜ ሚስት ውድነሽ እልኸኛ ናት፤ እኔም የምወዳት ለዚሁ ነው። አሜሪካ፣ ሌዊስቪል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ ስትነዳ ትውልና፣ ዩለስ ከተማ ቤቷ ስትገባ እረፍቷ ከሰው የገዙትን አሮጌ ጀልባ መጠገን ነበር። ባስ የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች የተሠራች፣ ዝቅ ያለች፣ ሞተሯ ትልቅ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ጀልባ ናት። ሻጩ ሐይቁ ላይ ሲያሳያቸው በሰዓት አርባ ስድስት ማይል ሄዳለች።

ወንድሜ አለማየሁ ጀልባዋ የመኪና ማቆሚያውንም ሚስቱንም ስለወሰደችበት ተማረረ። “ይሄ ሁሉ ልፋት ፍጥነት ካልጨመረላት ትሸጣለች” አላት። ውድነሽም ደሟ ፈልቶ “ከአርባ ስድስት ካልበለጠች ራሴ እሸጣታለሁ” አለችው።

ወለሉን ስትነቅለው ጣውላው በስብሷል። ከሥሩ ያለው ፎም የሚባል ስፖንጅ ደግሞ የስንት ዓመት ውኃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ፍራሽ ከብዷል። እሱን አውጥታ ጣለች፤ አዲስ ወለል ሠራች። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 በጋ ለብቻዋ ስትሞክራት ሃምሳ ሁለት ሄደችላት። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ አሸንፋ ነበር።

አላቆመችም። እናታችን ጥሩወርቅ ከአገር ከመጣች ወዲህ የማይገባትን ቲቪ እያየች ነው የምትውለው። ጉልበቷ አልታጠፍ ስለሚላት ዝቅ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ አትችልም። ውድነሽ ከፍ ያለ፣ መደገፊያ ያለው፣ እግሩ ብረት የሆነ ከባድ አግዳሚ ጀልባዋ ላይ ገጠመችላት። የመጀመሪያ ቀን ውኃው ፊቷን ሲረጫት እማዬ እንደ ልጅ ሳቀች። አሜሪካ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ለውርርዱ ፍጥነቱ በሚለካበት ቅዳሜ አለማየሁ መፍቻ ይዞ መጣ።

“አግዳሚውን ፍቺው፤ እማዬም ዳር ትጠብቀን። ማለቴ፣ ፌር ይሁን” አለ። ክፋት የለበትም፤ ከልቡ ነው።

እማዬ ልትነሳ ስትል ውድነሽ ትከሻዋን ያዘቻት። “ይቀመጡ እማማ። እርስዎን ላስወርድ አይደለም የሠራኋት።”

እኔም ከእማዬ ጎን ተቀመጥኩ፤ ቀጭን አይደለሁም። ውድነሽ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። አለማየሁ ዓይኑን ከፍጥነት መቁጠሪያው ላይ አልነቀለም።

“ፎርቲ ፎር” አለ ዳር ስንደርስ ገመዱን እያሰረ። “ሶ፣ ተስማምተን ነበር።”

“እሸጣታለሁ” አለች ውድነሽ። አልለመነችውም።

እኔና ውድነሽ ወረድን። እማዬ ንቅንቅ አላለችም።

“ነይ እማዬ፣ እጅሽን ስጪኝ” አላት አለማየሁ።

“ልትሸጧት ነው?”

“ቃል ተገባብተናል እማዬ። ምን ላድርግ?”

“እንግዲያው ከነእኔ ሽጧት” አለችና የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ማሰሪያ አጠበቀች።

አለማየሁ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ውድነሽ በአጠገቡ አልፋ ተመልሳ ገባችና ሞተሩን አስነሳች።

“ገመዱን ፍታው” አለችው።