ሸዋንዳኝ ትርፍ አይጭንም

ሸዋንዳኝን መጀመሪያ ያወቅሁት በእርግማን ነው። ቅቤና ፖም ከጨንቻ እያወረድኩ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ የምቸረችር ሴት ነኝና የመኪና ነገር ሕይወቴ ነው። እሱ ደግሞ አንዲት አሮጌ አረንጓዴ ላንድሮቨር በጨንቻና በአርባ ምንጭ መካከል ያመላልሳል። ወንበሯ ከሞላ በቃ፤ ብትለምነው፣ ብታለቅስበት፣ በአባቱ አጥንት ብታስምለው ወይ ፍንክች! መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሞልቷል እትዬ ሻሺቱ፤ ይቅርታ" ይለኛል፤ ከዚያ ጭቃውን ረጭቶብኝ ይሄዳል። ስንት ጊዜ ቅርጫቴን ታቅፌ መንገድ ዳር ቀርቻለሁ! ስንት ጊዜስ "ጎማህ ይፈንዳ" ብዬዋለሁ!

ምክንያቱን አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ጠየቅሁት። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሰው ከላይ እስከ ታች የተንጠላጠለበት መኪና የዶርዜ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ገደል አፍ ላይ ቆመ።

"ማንም አልሞተም፤ እግዜር ይመስገን" አለኝ። "የሕዝቡ ጩኸት ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መሪ ከጨበጥኩ አንድ ትርፍ ሰው አልጭንም ብዬ ለራሴ ማልኩ።"

ለራሱ የማለውን እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። እኔ ስኳር ልተው ብዬ ለራሴ ስንቴ ምያለሁ።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በሰማንያ አራት ክረምት፣ ነዳጅ ጠፋ። የጨንቻ መኪኖች አንድ በአንድ ቆሙ። የቀሩት ሰውን በጣሪያቸውም በበራቸውም አንጠልጥለው ይወርዳሉ። የላንድሮቨሯ ባለቤት "በዚህ ክፉ ጊዜ አንተ ብቻ ከሰው ተለይተህ ነው?" እያለ ሸዋንዳኝን ይቆጣዋል፤ መንገድ ዳር የቀረው ሁሉ ይሰድበዋል። እሱ ጥርሱን ነክሶ ተሳፋሪውን ይቆጥራል። ስሙም "ቆጣሪው" ሆኖ ቀረ።

ሆኖም በዚያ ዓመት ፊቱ በርቶ ነበር። የሺመቤት የምትባል የጨንቻ ሸማኔ ልጅ አጭቶ፣ ሠርጉ ለመስቀል ማግስት ተቆርጧል። የሺመቤትን ከልጅነቷ አውቃታለሁ፤ ሳቋ ከቤት ቀድሟት የሚወጣ ልጅ ናት። እሱም እሷን መንገድ ላይ ካየ ማርሽ ይሳሳታል። አባቷ ጋሽ ሀብተወልድ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ ሰፈሩ በሙሉ "ይማርዎ" ይላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። መኪናዋ ሞልታ ከጨንቻ ስንወጣ፣ መንገድ ዳር አዲስ ጋቢ ለብሰው እጃቸውን የዘረጉ ሰው አየን። ጋሽ ሀብተወልድ! ለሠርጉ የሚሆን ዕቃ ሊገዙ ወደ ታች መውረዳቸው ነው። ሁላችንም በአንድ አፍ "አስገባቸው፤ ተጠጋግተን እንቀመጣለን" አልን፤ ከሁሉ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሸዋንዳኝ መኪናዋን አቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣

"አባቴ፣ ሞልቷል። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ።

ሽማግሌው የሰሙትን ማመን አቃታቸው። እኛንም አቃተን። እሱ ማርሹን አስገብቶ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

በማግስቱ ከጋሽ ሀብተወልድ መልእክት መጣ፦ "ለእኔ ቦታ ያጣ ሰው ለልጄም የለውም። ሠርጉ ቀርቷል።"

የሺመቤት ጨንቻ ገበያ መጥታ ፈልጋ አገኘችኝ። ያ ሳቅ የለም።

"እትዬ ሻሺቱ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ። ሣር ይዞ ይምጣ። አጠፋሁ፣ ሁለተኛ አልደግምም ይበል። አባዬ እምቢ አይሉም።"

እውነቷን ነው። በጋሞ አገር እርጥብ ሣር ይዞ፣ ተንበርክኮ ይቅርታ የለመነ ሰው ፊት አይነሳም። ግን ሌላም ነገር አለ፤ ሣር ይዞ መዋሸት አይቻልም። ጎሜ ይሉታል፤ እርም ነው፤ ነውሩ ከሰውየው አልፎ ለቤቱ ይተርፋል።

ሸዋንዳኝን አርባ ምንጭ አግኝቼ "ሄደህ የሚባለውን በልና ትዳርህን አድን" አልኩት።

"መሄዱን እሄዳለሁ" አለ። እኔ ግን አንገቱን አይቼ ፈራሁ። "ሞልቷል" ሲለኝ የሚያቀናው አንገት ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በጋሽ ሀብተወልድ ደጅ ተቀመጡ። እኔስ እንዴት ልቅር? ሸዋንዳኝ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

"አባቴ፣ ዝናብ መትቶዎታል። ወርጄ ካፖርቴን ጣል ላደርግልዎት ሲገባኝ አላደረግሁም። እሱን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።" ሣሩን ከፍ አደረገ። "ጥዬዎት መሄዴን ግን አጠፋሁ ብል፣ ሣር ይዤ መዋሸቴ ነው። ነገም ከሞላ እጥልዎታለሁ።"

ጉድ ፈላ፣ አልኩ በሆዴ። በዚያች ሰዓት በድንጋይ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። የሺመቤት ከበሩ ጀርባ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች።

ጋሽ ሀብተወልድ በዱላቸው ጭቃውን ጫሩ።

"ትርፏ ልጄ ብትሆንስ?" አሉት።

"እሷንም እጥላታለሁ።"

"እናትህስ ብትሆን?"

"እናቴንማ ባለፈው ሳምንት ጥያት፣ እስካሁን አላናገረችኝም።"

መጀመሪያ የሳቀችው ከበሩ ጀርባ ያለችው ናት። ያ ሳቅ ተመልሶ መጣ! ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ሳቀ፤ ከዚያ ደጁ በሙሉ። ጋሽ ሀብተወልድ ሊቆጡ ሞክረው ነበር፤ ጢማቸው እምቢ ብሎ ተንቀጠቀጠባቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሣሩን ተቀበሉት።

"እኔን ያልፈራ ሰው በልጄ ነፍስ አይቀልድም" አሉ። እኔም እንባዬን በመቀነቴ ጠረግሁ፤ የደስታ ነው።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራ መሪ አይጨብጥምና ጓደኛው ጌታነህ ወደ አርባ ምንጭ ሊነዳ ተቀመጠ። ሙሽራዋ ገባች። ሚዜዎቹ ገቡ። እኔም ገባሁ፤ ዛሬ ማን ሊከለክለኝ! የሙሽራዋ አክስት ወርቂቱም ከበሮዋን ታቅፋ ገባች፤ እሷ እየዘፈነች ልትሸኘንና ዶርዜ ላይ፣ ቤቷ ደጃፍ ልትወርድ ነው። ይሄኔ ጋሽ ሀብተወልድ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ሰውን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። ሲጨርሱ ፊታቸው እንደ ልጅ በራ።

"አንድ ትርፍ አለ" አሉ።

ሁሉም ዞሮ፣ ለመግባት ገና አንድ እግሩን ያነሳውን ሙሽራ አየ። ሸዋንዳኝ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ራሱ ቆጠረ።

"እውነትዎን ነው አባቴ" አለና እግሩን መለሰ።

ሳቁና እልልታው ሌላ ሆነ። ሙሽራዋ በሳቅ ብዛት ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ። ወዲያው ዝናቡ ጀመረ። ጋሽ ሀብተወልድ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አማቻቸውን ከነሙሉ ልብሱ ከሥሩ አስገቡት፤ ሁለቱ በአንድ ጋቢ ተሸፍነው አቋራጩን ይዘው ቁልቁል ወረዱ።

እኛ በጭቃው እየተንፏቀቅን ዶርዜ ስንደርስ ቀድመውን ቆመዋል፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው እየተሳሳቁ ይጠብቁናል። ወርቂቱ ወረደችና ሙሽራው በቦታዋ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሁላችንም "ጋሽ ሀብተወልድ፣ እርስዎም ይግቡ! ሠርግ ነው፤ እንጠጋጋለን!" ብለን ጮኽን። እንደልማዴ ከሁሉ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሸዋንዳኝ ብቻ ዓይኑን ሽማግሌው ላይ ተክሎ ቀረ።

ጋሽ ሀብተወልድ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። ልጃቸውን አዩ። ጋቢውን አውልቀው በመስኮቱ በኩል በአማቻቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉለት።

"ሞልቷል" አሉና፣ እየሳቁ ዳገቱን ተያያዙት።