ዓይኗን የገለጠችበት ፎቶ

ሰማይ ሲጠቁር እኛ የሃርቬል ሰዎች ወደ ምድር ቤት እንወርዳለን። የእህቴ ባል ኤልድን ፔነር ግን ፒካፑን አስነስቶ ወደ ጠቆረበት ይነዳል። ሠላሳ ሰባት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራው የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ነበር፤ በግንቦት ወር አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ልጅ ደጃፉ ላይ ያወርድና አውቶቡሱን አቁሞ ካሜራውን ያነሳል። ከዚያ በኋላ ኤልድንን የሚያገኘው የለም። ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ብዙ ስለማማው ነው።

እህቴ አርዲስ ሃያ ስድስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጣ አብራው ሄዳለች። ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የሱፍ አበባ ፍሬ በጥርሷ እየፈለፈለች፣ "የሚቀጥለው ላይ ወደ ቀኝ፣ አስፋልቱ ግን ያልቃል" ትለዋለች። የትኛው የአፈር መንገድ ዝናብ ሲነካው ጎማ እንደሚውጥ የምታውቀው እሷ ነበረች። የሚሸሹበትን መንገድ ሳታይ አንድም ቀን እንዲቆም ፈቅዳለት አታውቅም። እሱ የሚያየው ደመናውን ብቻ ነው። ሲደርሱ ዘሎ ይወርዳል፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ይተክላል፣ ጀርባውን ይሰጣታል፤ "በቃ ግባ" እስክትለው ድረስ እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ ለልደቷ ኪስ የምትገባ ርካሽ ካሜራ ገዛላት። ምን ታነሳበታለች ብዬ ጠየቅሁት። "እኔ እንጃ፣ ላም መሰለኝ" አለኝ። ከልቡ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ቀን ካለፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከምዕራብ በኩል ደመናዎች ተሰልፈው እየመጡ ነበር። ማዕበል የሚያሳድዱ ሰዎች አንድ ሕግ አላቸው፤ ደመናዎቹ ሲሰለፉ በደቡብ ጫፍ ያለውን ያዝ ይላሉ። ከደቡብ የሚመጣውን ሙቅና እርጥብ አየር ማንም ሳይሻማው የሚጠጣው እሱ ነው፤ ለሰሜኖቹ የሚደርሳቸው ትርፍራፊ ነው። ኤልድን ይህን ሕግ ከትራፊክ ሕግ ይበልጥ ያከብራል። አርዲስ ግን በረንዳው ላይ ወጥታ ፊቷን ነፋስ አስመታችና የሰሜኑን ዛሬ እንዳይንቀው ነገረችው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ለቤተ ክርስቲያን መርጃ የሚሸጥ የፍራፍሬ ፓይ እየጋገርን ነበር። እሱ ሳቀ። የሰሜኑ እዚህ ሳይደርስ ይሞታል አላትና ስልሳ ማይል ወደ ደቡብ ነዳ። እሷ በፓዩ ምክንያት ቀረች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የቀረችባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የደቡቡ ደመና አላሳፈረውም። ስንዴ ማሳ መሃል ነጭና እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ አውሎ ነፋስ አወረደለት። ያ ፎቶ በካላንደር ላይ የግንቦት ወር ሆኖ ወጣ፤ ባንካችን ግድግዳ ላይም ተሰቀለ። እኔ ባንክ ስገባ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነው የምሰለፈው። ምክንያቱም ኤልድን እሱን በሚያነሳበት ሰዓት የናቀው የሰሜን ደመና ቤታቸውን ከመሠረቱ ነቅሎ ወስዶታል።

የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮኽ እኔ የመጀመሪያዎቹን ፓዮች ይዤ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ነበር። አርዲስ ብቻዋን ምድር ቤት ወረደች። ተመልሼ ስመጣ ቤት የሚባል ነገር የለም። እህቴ ወደ ምድር ቤቱ በሚያወርደው ደረጃ አናት ላይ አንድ ጫማ ብቻ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ የሣርና የእንጨት ፍርፋሪ ሞልቶታል። አንድም ቦታ አልተጫረችም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ኤልድን ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መጣ። የወደቁ የመብራት ምሰሶዎች መንገዱን ዘግተውት የመጨረሻውን ማይል የመጣው በሩጫ ነው። ፊት ለፊቷ ቆመ። እሷ ቀና ብላ አየችው።

"ጥሩ ፎቶ አገኘህ?" አለችው።

ተቆጥታ ይሁን ከልቧ ጠይቃው ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እሱም አላወቀም። ካሜራው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መልስ አልሰጣትም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት ሠሩ፤ አብረው በሉ፣ ጠጡ፣ ሳቁም። ደመና ሲመጣ እስከ በሩ ትሸኘዋለች፣ ነዳጅ ሞልተሃል ወይ ትለዋለች። ፒካፑ ውስጥ ግን ዳግመኛ አልገባችም። ሰው ካሜራ ሲያነሳ ደግሞ ፊቷን ታዞራለች። እንዲህ ሆና አራት ዓመት ኖረች፤ ከዚያ በየካቲት አንድ ቀን ጠዋት ልቧ ቆመ።

ለቀብሯ ፎቶ ፈለግን። የሰርጋቸው አልበምም ሆነ አርዲስ የራሷን ፎቶዎች የምታጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ ከቤቱ ጋር ሄደዋል። ኤልድን የደመና ፎቶዎቹን እሳት እንዳያገኛቸው ብሎ አውቶቡስ ማቆሚያው ውስጥ በብረት ሣጥን ቆልፎባቸው ስለነበር አንድም አልጎደለበትም። ሺህ ደመና አለው፤ ሚስት የለችም። መንጃ ፈቃዷ ላይ ያለችውን እንኳን ባሏ ፖሊስም አይለያትም። የተገኘው የቤተ ክርስቲያናችን የአባላት መጽሐፍ ላይ የወጣው ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ ደግሞ ፎቶ አንሺው ተቻኩሎ ዓይኗን እንደጨፈነች አንስቷታል። እሱን አስፍተን ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ አቆምነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት የተነሳችውን፣ የፊት ጥርሷ የወለቀበትን ወስጄ ለኤልድን ሰጠሁት። ብዙ አየውና መለሰልኝ።

"ይህችን እኔ አላውቃትም" አለኝ።

ፍለጋው የተጀመረው ያኔ ነው። በእኛ አገር አውሎ ነፋስ የወሰደውን ወረቀት ለባለቤቱ መመለስ የቆየ ወግ ነው። ነፋሱ ወረቀትን ሽቅብ ይዞት ይሄድና መቶ ማይል ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሻግሮ ይዘራዋል። ከማሳው ወይም ከአጥሩ ላይ ያገኘው ሰው፣ ቢቀደድም ቢበሰብስም፣ አይጥለውም። አድርቆ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ይወስደዋል፤ እዚያ ሰሌዳ ላይ ተሰክቶ ባለቤቱን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ የሰው ወረቀት ለሰው ማድረስ አልታከተኝም። ስለዚህ ኤልድን ሲለምነኝ የእህቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሱፍ አበባው ፍሬ ልጣጭ አሁንም ከወንበሩ ስር ነበር።

ሰባት ዓመት ዞርን። በየከተማው ሰሌዳ ላይ የእኔን ስልክ ቁጥር ለጠፍን፤ እሱ ስልክ አያነሳም። የመብራት ደረሰኝ አገኘን፤ በእጇ የጻፈችው የፓይ አሠራር ግማሹም ተገኘ፤ ዱቄቱ አለ፣ ስኳሩ የለም። ፊቷ ግን የትም አልነበረም። አምስተኛው ዓመት ላይ ሰለቸኝና ተው በቃ አልኩት።

"ዓይኗን የገለጠችበት አንድ ብቻ፣ ቬልዳ" አለኝ። "ድምጿ አለ። 'ወደ ቀኝ' ስትለኝ እሰማታለሁ። ፊቷ ግን እየጠፋብኝ ነው። ሁልጊዜ አጠገቤ ነበረች፤ እኔ ፊት ለፊቴን ነበር የማየው።"

አንጀቴን በላው። በሆዴ ያዘጋጀሁትን ስድብ ዋጥኩት፤ በነጋታው እንደገና ወጣን።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ሬዲዮው በአሥር ዓመት እንዲህ ያለ ቀን አልታየም እያለ ከጠዋት ጀምሮ ይለፈልፍ ነበር። ኤልድን ገና ከምሳ በፊት ነዳጅ ሞልቶ፣ ፒካፑን ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ እኔ ቤት ደጃፍ ቆሟል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጠራ። ከኖርዲን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከእኛ ዘጠና ማይል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። የደወለችው ሴት በትሕትና፣ አንድ ገበሬ የአባቱን አሮጌ በረት ሲያፈርስ ከሁለት ሳንቃ መሃል ፎቶ እንዳገኘና ከኋላው "አ. ፔነር፣ ሃርቬል" የሚል እንዳለበት ነገረችኝ። ሌላም ጽሑፍ አለ፣ ግን ቀለሙ ስለፈዘዘ መነጽሬ አልቻለውም አለች።

"ሰው ይታያል?" አልኳት።

"አዎ እመቤቴ፣ ሰው አለበት" አለችኝ።

ወጥቼ ነገርኩት። ደቡብ ምዕራቡን ያይ ነበር፤ ደመናው እንደ ሊጥ እየኮፈሰ ሽቅብ ይወጣል። እውነቱን ልናገር፣ ፎቶው የትም አይሄድም ነገ እንሄዳለን እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። እንደዚያ ቢለኝ አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን ቂም ሁሉ እዚያው አራግፌበት ለዘለዓለም እገላገለው ነበር።

"መንገዱን ንገሪኛ" አለኝና ሞተሩን አስነሳ።

ሁለት ሰዓት ያህል ደመናውን ጀርባችን ላይ አድርገን ነዳን። አንድ ሁለቴ ወደ መስታወቱ ሰረቅ አድርጎ ሲያይ አይቼዋለሁ፤ አልፈረድኩበትም።

ቤተ መጻሕፍቱ ስንደርስ ሴትየዋ ፎቶውን በነጭ ፖስታ ውስጥ ሰጠችን። ኤልድን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና አወጣው። ጠርዙ በስብሷል፣ መሃሉ ግን ደህና ነው። አረንጓዴ ሣር፣ ከማዶ ጥቁር ደመና፣ ከደመናው ላይ ቀስተ ደመና፤ ከፊት ደግሞ ካሜራው ላይ ያጎነበሰ ወንድ ጀርባ። የራሱ ጀርባ ነው። ትከሻው ወረደ።

"እሷ አይደለችም" አለ።

ገለበጥኩት። የእህቴን ጽሕፈት ቢፈዝም እኔ አነባለሁ። ቀኑ አለ፤ ከስሩ፣ "ሠላሳ አንደኛ ፎቶ። ዛሬም አልዞረም" ይላል። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፤ ካነበብኩት በኋላ ምላሴን በነከስኩ አልኩ። ሴትየዋ የሚስተካከል መጽሐፍ እንዳላት አስታውሳ ሄደች። በዚያች ኪስ በምትገባ ካሜራ አርዲስ ላም አላነሳችም። የብስኩት ቆርቆሮው ሙሉ የባሏ ጀርባ ነበር ማለት ነው።

ኤልድን ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰደ። የደመና ፎቶ ሲያይ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ፈለገ።

"ፀሐይዋ ከኋላዋ ናት" አለኝ። "ነይ እስቲ እይ።"

ጣቱ ሣሩ ላይ ነበር። ከፎቶው ታችኛ ጠርዝ የተነሳ ረጅም ጥላ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ የዝናብ ካፖርት ቆብ፣ ሁለት ክርኖች ወደ ጎን ወጣ ብለው፣ እጆች ፊት ላይ ተሰብስበው። የጥላው ራስ የኤልድንን ጫማ ተረከዝ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። አርዲስ ናት። ከእሷ ያለን ይኸው ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። እህቴ ያን ሰዓት እንደናፈቀችኝ በቀብሯ ቀንም አልናፈቀችኝም።

ስንመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የሸሸነው ደመና ራሱ መንገድ ላይ መጣብን። ወደ ደቡብ መውጫ ያለበት ቦታ ቁም አልኩት፤ ቆመ። በረዶው ጣሪያችንን ትንሽ ደብድቦ አለፈ፤ ደመናው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄድ ፀሐይ ከኋላችን ወጣች። ወርደን ቆምን። ያኔ ከደመናው ስር ነጭ አውሎ ነፋስ ቀስ ብሎ ወረደ። ባንኩ ውስጥ ካለው ያምራል፤ እኔ ይህን ስናገር አይቀለኝም።

ኤልድን ከልማዱ የተነሳ ማቆሚያውን ተከለ፣ ካሜራውን ገጠመ፣ አጎነበሰ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ጥላዬ ሣሩ ላይ ወርዶ እግሩ አጠገብ ተኝቷል። እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ጥላውን አየ። ከዚያ ዞረ።

ፀሐይዋ ፊቱን ሞላችው። ይህን ሁሉ ዓመት ማዕበል ፊት ቆሞ ሲያነሳ መልኩ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም ነበር፤ እርጥብ ነው፣ የልጅ ፊት ነው። የሚፈልገው እኔን እንዳልሆነ ገባኝ። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አልኩለት፤ የቆምኩበት ቦታ ባዶ ሆነ።

"ጥሩ ፎቶ አላገኘሁም" አለ፣ ወደዚያ ወደ ባዶው። "አላገኘሁም፣ አርዲስ።"

አውሎ ነፋሱ ከጀርባው ስምንት ደቂቃ ያህል ማሳው ላይ ቆይቶ ጠፋ። እኔ አየሁት፤ እሱ አላየውም።